በሄርባሪየም የተቀመጠ የደረቀ ሳር ስለ ስንዴ ብላስት ምን ሊነግረን ይችላል?

በ2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዛምቢያ ሙቺንጋ ክፍለ ሀገር፣ ምፒካ በተባለው አካባቢ፣ በዝናብ የተዘራ ስንዴ ፍሬ ሳይቋጥር ራሱ እየነጣ ደረቀ። ምርመራው የስንዴ ብላስት መሆኑን አረጋገጠ። ይህ ፈንገስ የሚያመጣው በሽታ በ1985 በብራዚል ፓራና ግዛት ከታየ በኋላ ወደ ቦሊቪያ፣ ወደ ፓራጓይና ወደ አርጀንቲና ተዛምቷል። ከዛምቢያው በፊት ከደቡብ አሜሪካ ውጭ ማሳ ሲያጠቃ የታየው በ2016 በባንግላዲሽ ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ወደ 15 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ስንዴ ላይ ጉዳት አድርሷል። የዛምቢያው ግኝት ታትሞ ሲወጣ በአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ተመዘገበ።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ፈንገሱ ከውጭ የገባ ነው ወይስ በአካባቢው ሳር ላይ ሲኖር ቆይቶ ወደ ስንዴ የተሻገረ ነው የሚል ነው። እንደ መልሱ የሚወሰደው እርምጃም የተለያየ ነው። ከውጭ የገባ ከሆነ ቁጥጥሩ የሚያተኩረው በዘርና በእህል ንግድ ላይ ይሆናል፤ ነባር ከሆነ ግን የኬላ ቁጥጥር ብዙ አይፈይድም፣ ትኩረቱ ወደ አረም፣ ወደ ማሳ ዳር ሳርና ወደ ስንዴ ዝርያ መረጣ መዞር አለበት። ለዛምቢያና ለባንግላዲሽ መልሱ በ2023 በወጣ የዘረመል ጥናት ተገኝቷል፤ በሁለቱም አገሮች የተገኘው ፈንገስ ከደቡብ አሜሪካ የመነጨ የአንድ የዘር መስመር አካል ሲሆን፣ ወደ ሁለቱ አገሮች የገባው በየራሱ መንገድ ነው። ይህን ማለት የተቻለው የደቡብ አሜሪካው ፈንገስ ናሙናዎች ለዓመታት ተጠብቀው ስለቆዩና የሚነጻጸር ነገር ስለነበረ ነው።

ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ሁሉ የላቀ ስንዴ የምታመርት አገር ናት፤ በሽታው ግን እስካሁን በስንዴዋ ላይ አልተመዘገበም። ነገ ጥርጣሬ ቢነሳ ግን ያው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ለመልሱ የሚያስፈልገው ማስረጃ ደግሞ ከወዲሁ መኖር ያለበት ነው። የማስረጃው አንድ ክፍል የሚገኘው ማንም ብዙ በማይጎበኘው ቦታ፣ የደረቁ ዕፅዋት በሚጠበቁበት ሄርባሪየም ውስጥ ነው።

ፈንገሱ ፒሪኩላሪያ ይባላል። በመሠረቱ የሳር ቅጠል ነጠብጣብ በሽታ አምጪ ነው፤ በቅጠል ላይ የሚሠራው ምልክት ሁለት ጫፉ የሾለ፣ መሃሉ አመድማ፣ ዙሪያው ቡናማ የሆነ ነጠብጣብ ነው። ሩዝን ያጠቃል፤ ዳጉሳን ቅጠሉን፣ አንገቱንና ራሱን ያጠቃል፣ በምሥራቅ አፍሪካም የዳጉሳ ዋነኛ በሽታ ይኸው ነው። በአሜሪካ ለግጦሽና ለጎልፍ ሜዳ የሚዘራውን ሎሊየም የተባለ ሳር ያጠቃል። ሎሊየም ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ከስንዴና ከገብስ መሃል የሚበቅለው እንክርዳድ የዚሁ ወገን ዝርያ ነው። የጤፍ ወገን በሆነው ኤራግሮስቲስ ላይ የሚኖር የፒሪኩላሪያ መስመርም በጥናት ተለይቷል፤ የተገኘውም በጤፍ ላይ ሳይሆን የዚያው ወገን በሆነ የግጦሽ ሳር ላይ ነው።

የሄርባሪየም ናሙና ምን እንደሚመስል ሳይታወቅ ስለ መዝገቡ መነጋገር ያዳግታል። የፈንገስ ናሙና እንደ ተክል ናሙና በሰፊ ወረቀት ላይ ተለጥፎ አይቀመጥም፤ ከወረቀት በታጠፈ ትንሽ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ፖስታው ሲከፈት ሁለት ወይም ሦስት የተቆራረጡ፣ ገለባ የመሰሉ የሳር ቅጠሎች ይገኛሉ። አረንጓዴው ከጠፋ ቆይቷል፤ ነጠብጣቡ ግን ከቅጠሉ ጠቆር ብሎ ይለያል። መርማሪው በመርፌ ጫፍ ከነጠብጣቡ መሃል ጥቂት ይፍቅና በላክቲክ አሲድ ጠብታ አርሶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ዕድል ከቀናው ባለ ሦስት ክፍል፣ ከታች ሰፋ ከላይ ቀጠን ያሉ ስፖሮችን፣ ማለትም የፈንገሱን የመራቢያ ቅንጣቶች፣ ያገኛል። የፒሪኩላሪያ ስፖር ግን በቀላሉ የሚረግፍ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚታየው የተሸከመው ዘንግ ብቻ ነው። ከፖስታው ፊት ላይ የፈንገሱ ስም፣ የሳሩ ስም፣ ቦታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ይጻፋል። በኋላ ናሙናውን የመረመረ ሌላ ባለሙያ በስሙ ካልተስማማ የቀድሞውን አይሰርዝም፤ የራሱን ውሳኔ በሌላ ወረቀት ጽፎ ከነፊርማው ይጨምርበታል። አንዳንድ ፖስታ እንዲህ ያሉ ሦስትና አራት ወረቀቶች አሉት።

ወደ ኢንተርኔት የመረጃ ቋት የሚገባው ግን ብዙውን ጊዜ ከነዚህ አንዱ ስም ብቻ ነው፤ የፒሪኩላሪያ ችግር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የፈንገስ ተመራማሪው ሳካርዶ ፒሪኩላሪያ ግሪሴያ የሚለውን ስም በ1880 ያወጣው ዲጂታሪያ በተባለ ሳር ላይ ለሚኖረው ፈንገስ ነው። ከዚያ ወዲያ ብዙ ሳይቆይ ሌላው ተመራማሪ ካቫራ የሩዙን ፒሪኩላሪያ ኦሪዜ ብሎ ለየው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ፣ በ1990 ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ትክክለኛው ስም የቀደመው ግሪሴያ ነው የሚል ጽሑፍ ወጣና ብዙዎች ተቀበሉት። በ2002 ደግሞ የዘረመል ጥናት ሁለቱ በእርግጥ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳየ፤ የሩዙ፣ የስንዴውና የዳጉሳው ፈንገስ ኦሪዜ ሆነ፣ የዲጂታሪያው ግሪሴያ ሆኖ ቀረ። በመሃሉ ማግናፖርቴ የሚል ሌላ የወገን ስም ገብቶ ነበር። አንድ ፈንገስ አንድ ስም ብቻ ይኑረው የሚለው ደንብ ከጸደቀ በኋላ፣ በ2016 ባለሙያዎች ፒሪኩላሪያ እንዲጸና ሐሳብ አቀረቡ። በዚያው ዓመት የስንዴውን ፈንገስ ለብቻው አዲስ ዝርያ ያደረጉ ተመራማሪዎችም ነበሩ፤ ሌሎች ተቃወሟቸው፣ አብዛኛው ባለሙያም ዛሬ አንድ ዝርያ ሆኖ በየሳሩ የተለየ መስመር ያለው አድርጎ ነው የሚያየው።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላስጨነቀን። ሆኖም አንድ ሰው በመረጃ ቋት ውስጥ «ፒሪኩላሪያ ግሪሴያ» ብሎ ቢፈልግ፣ በ1930 በዲጂታሪያ ላይ የተሰበሰበ እውነተኛ ግሪሴያና በ1995 በስንዴ ላይ የተሰበሰበ ኦሪዜ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ተደባልቀው ይመጡለታል። «ኦሪዜ» ብሎ ቢፈልግ ደግሞ ከ1990 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት ፈንገሱ ከዓለም የጠፋ ይመስለዋል። ስለዚህ በዚህ ፈንገስ ላይ ካርታ ወይም የዓመታት ግራፍ ሲቀርብ የማምነው ስሙን ተከትሎ ሳይሆን የሳሩን ዓይነትና ናሙናው የተሰየመበትን ዘመን አይቶ የተሠራውን ነው። ይህን ሳያደርጉ የተሠሩ ካርታዎች ያማሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚያሳዩት ግን የስም አወጣጥ ታሪክን ነው።

ማይክሮስኮፕም ቢሆን እዚህ ላይ ይደክማል። ግሪሴያና ኦሪዜ በስፖር ቅርጽ አይለዩም፤ በኦሪዜ ውስጥ ያሉት የሩዝ፣ የዳጉሳ፣ የሎሊየምና የስንዴ መስመሮችም እንዲሁ። የሚለያቸው ዘረመል ነው። በዚህ ምክንያት የመዝገቡ ሙሉ ዋጋ ያለው በፖስታው ውስጥ በቀረው ቅጠል ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ቅጠሉ ካለ የተሳሳተ ስም ሊታረም ይችላል፣ ቅጠሉ ከሌለ ግን ትክክለኛ ስም እንኳ ሊረጋገጥ አይችልም።

ከመቶ ዓመት ቅጠል ዲ ኤን ኤ ማውጣት የሚቻል መሆኑ ከተረጋገጠ ቆይቷል። በ1845 በአየርላንድ ረሃብ ያመጣው የድንች በሽታ አምጪ፣ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ከተሰበሰቡ የሄርባሪየም ቅጠሎች ዘረመሉ ተነብቦ በ2013 ይፋ ሆኗል፤ ውጤቱም ቀድሞ ይጠረጠር የነበረው መስመር እንዳልሆነ አሳየ። ለሳር ቅጠል ነጠብጣብ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የእንግሊዙ የሮታምስቴድ ምርምር ጣቢያ ነው። በዚያ ብሮድባልክ የተባለው ማሳ ከ1843 ጀምሮ ስንዴ ሲዘራበት የኖረ ሲሆን፣ ከየዓመቱ ምርት ገለባና ፍሬ ተወስዶ በጣቢያው ማኅደር ተጠብቋል። በ2005 የታተመ ጥናት ከነዚህ ናሙናዎች ሁለት የስንዴ ቅጠል ነጠብጣብ ፈንገሶችን፣ ማለትም ፓራስታጎኖስፖራንና ዚሞሴፕቶሪያን፣ ዲ ኤን ኤ እየለካ የ160 ዓመት ታሪካቸውን አወጣ። የሁለቱ መጠን እርስ በርስ ሲፈራረቅ የኖረ ሲሆን፣ ፍርርቁ ከሁሉ በላይ የተዛመደው ከድንጋይ ከሰል ቃጠሎ በሚወጣው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ መጠን ነው፤ ጢሱ በበዛበት ዘመን ፓራስታጎኖስፖራ አየለ፣ ጢሱ ሲቀንስ ዚሞሴፕቶሪያ የበላይነቱን ያዘ። በማሳ ላይ የሚቆም ማንኛውም ታዛቢ ይህን ሊያይ አይችልም ነበር። መዛመድ ግን መንስኤ መሆን አይደለም፤ ጥናቱም ከዚህ በላይ አልተናገረም።

በሮታምስቴድና በተራ ሄርባሪየም መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አለ። እዚያ ናሙናው በየዓመቱ፣ ከአንድ ማሳ፣ በሽታ ይኑረው አይኑረው ሳይመረጥ ተወስዷል። ሄርባሪየም ግን የሰዎች ጉዞ ውጤት ነው። ሰብሳቢው በሄደበት ዓመት ናሙና ይበዛል፣ ባልሄደበት ዓመት ዜሮ ይሆናል፤ ከመንገድ ዳርና ከምርምር ጣቢያ አጠገብ ብዙ፣ ከቆላና ከገደላ ገደል ምንም ያልተሰበሰበ ይሆናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ የተለመደ ሌላም አሠራር ነበር፤ አንድ ሰብሳቢ ከአንድ ቦታ ብዙ የታመመ ቅጠል ወስዶ፣ አንድ ቁጥር ሰጥቶ በመቶ በሚቆጠሩ ስብስቦች አድርጎ ለየሄርባሪየሙ ይሸጥ ወይም ይልክ ነበር። ዛሬ እነዚያ ሄርባሪየሞች እያንዳንዳቸው ናሙናቸውን ወደ መረጃ ቋት ሲያስገቡ፣ ከአንድ ቀን፣ ከአንድ ጉድባ ዳር የተለቀመ ሳር እንደ ብዙ ነጻ ምስክር ይቆጠራል። በእንግሊዝ ኪው የሚገኘው የፈንገስ ናሙና ማኅደር (ፈንጋሪየም) ከ1.25 ሚሊዮን በላይ፣ በቤልትስቪል የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የፈንገስ ስብስብም ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ናሙና አላቸው ሲባል፣ ቁጥሩ እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ ጭምር የያዘ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

በሌላ በኩል ደግሞ ያልተቆጠረ ሀብት አለ። የዕፅዋት ተመራማሪ ሳር ሲሰበስብ ንጹሕ፣ አበባ የያዘ፣ ለመለየት የሚመች ተክል ይመርጣል፤ ያም ቢሆን ነጠብጣብ ያለበት ቅጠል ሾልኮ መግባቱ አይቀርም። እንዲህ ያለው ሉህ (ተክሉ የተለጠፈበት ወረቀት) የሚመዘገበው በሳሩ ስም ብቻ ስለሆነ ፈንገሱ በማንኛውም የመረጃ ፍለጋ አይወጣም። በእኔ ግምት ለፒሪኩላሪያ የአፍሪካ ታሪክ ዋናው ማስረጃ የሚገኘው በፈንገስ ፖስታዎች ውስጥ ሳይሆን በእነዚህ የሳር ሉሆች ላይ ነው፤ ምክንያቱም በአፍሪካ የሳር ሰብሳቢ ከፈንገስ ሰብሳቢ ይልቅ ሁልጊዜም ይበዛ ነበር። ሉህ በሉህ እያገላበጡ ነጠብጣብ መፈለግ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሉሆቹ ፎቶ በተነሱበት ሄርባሪየም ግን ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ መጀመር ይቻላል።

የደረቀ ናሙናም የራሱ ሕመም አለው። ቀድሞ ነፍሳት እንዳይበሉት ተክሉን በሜርኩሪ ክሎራይድ ማራስ የተለመደ ነበር፤ ይህ ለመርማሪው ጤናም ለዲ ኤን ኤ ሥራም ጥሩ አይደለም። ዲ ኤን ኤው ራሱ በመቶ ዓመት ውስጥ ወደ አጫጭር ቁርጥራጭ ይበታተናል። ከሁሉም በላይ ምርመራው ቅጠሉን ያጠፋል፤ ሁለት ነጠብጣብ ብቻ ካለው ናሙና አንዱን መፍጨት ለሚቀጥለው ትውልድ ተመራማሪ ግማሹን መከልከል ነው። ጠባቂዎች ፈቃድ ለመስጠት የሚያመነቱት ያለ ምክንያት አይደለም።

የስንዴ ብላስት እንዴት ተወለደ የሚለው ጥያቄ የነዚህን ናሙናዎች ዋጋ በጉልህ ያሳያል። በ2017 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ የሎሊየሙ ፈንገስ ስንዴ ላይ ሲያርፍ ብዙዎቹ የስንዴ ዝርያዎች የሚያውቁበትና የሚከላከሉበት አንድ ምልክት ነበረው። በብራዚል አናዋክ የተባለውን የመሰሉ፣ ይህን ምልክት የሚለይ ዘረመል የሌላቸው ዝርያዎች በሰፊው ሲዘሩ ፈንገሱ በእነርሱ ላይ መራባት ቻለ፤ በኋላም ምልክቱን ራሱን አጥቶ ወደ ሌሎቹ ስንዴዎች ተሻገረ። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የስንዴ ብላስትና የሎሊየም ግራጫ ነጠብጣብ ከብዙ የሳር ፈንገሶች መዳቀል በቅርብ ዘመን አብረው የተፈጠሩ ናቸው ይላል። የሎሊየሙ በሽታ በደቡብ አሜሪካ ሳይሆን በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ በ1971 ታይቶ፣ በ1991 ወደ ፔንሲልቬንያ የጎልፍ ሜዳዎች መድረሱ ይታወቃል። ሁለቱም ጥናቶች የቆሙት በላቦራቶሪ በሕይወት በቆዩ ፈንገሶች ላይ ነው። ከ1970 በፊት በደቡብ አሜሪካና በአሜሪካ የተሰበሰበ፣ ነጠብጣብ ያለበት የሎሊየም ቅጠል ግን የመዳቀሉን ጊዜ በቀጥታ ሊፈትን ይችላል፤ ከታሰበው ቀን ቀድሞ የተዳቀለ ፈንገስ በአንድ ፖስታ ውስጥ ቢገኝ የዘመን አቆጣጠሩ ሁሉ ይለወጣል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ ነገሩ የተበታተነ ነው። ጀርመናዊው ሺምፐር ከ1837 ጀምሮ በትግራይና በአካባቢው የሰበሰባቸው ዕፅዋት በአውሮፓ ሄርባሪየሞች ተከፋፍለዋል፤ በርሊን የነበረው ትልቅ ስብስብ በ1943 የቦምብ ድብደባ አብዛኛው ተቃጥሏል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ካስቴላኒና ቺፌሪ የምሥራቅ አፍሪካን ፈንገሶች ዝርዝር በ1937 አሳትመዋል። ስቴዋርትና ዳኛቸው ይርጉ በ1967 የኢትዮጵያን የተክል በሽታዎች ማውጫ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ አወጡ፤ ለአገሪቱ የዕፅዋት ሕክምና መሠረት የሆነ ሥራ ነው። በ1959 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጻሕፍት የተዘጋጁበት ማዕከል ሲሆን፣ በ1995 የወጣው ሰባተኛው ቅጽ ለሳሮች ብቻ የተሰጠ ነው። ይህን ቅጽ ለማዘጋጀት የተመረመሩት ሉሆች ቦታቸውና ማንነታቸው በባለሙያ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ በሳር ላይ ፈንገስ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ማውጫና ዝርዝር ግን ስም ብቻ ይሰጣሉ። በስልሳዎቹ ዓመታት «ፒሪኩላሪያ፣ በዳጉሳ ላይ» ተብሎ የተጻፈ መስመር ቢኖር፣ የዛሬው አንባቢ የየትኛው መስመር ፈንገስ እንደሆነ ሊያውቅ የሚችለው ከጀርባው የተቀመጠ ቅጠል ካለ ብቻ ነው።

አደጋውን ማጋነን ደግሞ አያስፈልግም። የስንዴ ብላስት የሚወደው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀትና ለረጅም ሰዓት የሚቆይ እርጥበት ነው፤ የአርሲና የባሌ ደጋ ለዚህ ቀዝቃዛ ነው፣ በዚያ የገበሬው ዋና ጠላት አሁንም ዋግ ነው። በአዋሽና በሌሎች ቆላዎች በበጋ መስኖ የሚለማው ስንዴ ሙቀቱን ያሟላል፣ ዝናቡ ግን የለም፤ የምፒካውም ስንዴ የተጠቃው በዝናብ ወራት ነው። አሳሳቢው ቦታ ስንዴ ወደ ሞቃትና ዝናባማ ወይና ደጋ ዝቅ እያለ ከዳጉሳ ጋር ጎን ለጎን የሚዘራበት ነው፤ እንክርዳዱም እዚያው መሃል ነው።

በእንዲህ ያለ ማሳ አንድ ወጣት ባለሙያ የነጣ የስንዴ ራስ አግኝቶ ናሙናውን ለላቦራቶሪ ቢልክና ውጤቱ «ፒሪኩላሪያ» ቢሆን፣ የዳጉሳው ነባር ፈንገስ አጋጣሚ ሆኖ ስንዴ ላይ አርፎ ነው ወይስ የደቡብ አሜሪካው መስመር ገብቶ ነው የሚለው ውሳኔ በቀናት ውስጥ ይፈለጋል። የስንዴውን መስመር የሚለይ የዘረመል ምርመራ አሁን አለ፤ ይሁን እንጂ ምርመራው የተፈተነው በአብዛኛው በሌሎች አገሮች ፈንገሶች ላይ ስለሆነ፣ በአገር ውስጥ ዳጉሳ፣ እንክርዳድና የዱር ሳር ላይ ያሉት መስመሮች ሳይታወቁ በውጤቱ ሙሉ በሙሉ መተማመን ያስቸግራል። ዝግጅቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በብሔራዊ ሄርባሪየም ያሉትን የዳጉሳ፣ የኤራግሮስቲስና የሎሊየም ሉሆች ለነጠብጣብ መፈተሽ፣ ነጠብጣብ የተገኘባቸውን ፎቶ አንስቶ በሳሩም በፈንገሱም ስም መመዝገብ፣ ከመካከላቸው ለዲ ኤን ኤ የሚፈቀዱትን ጥቂቶች መምረጥ፣ ከዚያም በየክረምቱ ከዳጉሳ አብቃይ ወረዳዎች የታመመ ቅጠል ግማሹን ለፖስታ፣ ግማሹን በሕይወት ለሚጠበቅ የፈንገስ ስብስብ መውሰድ በአንድ የማስተርስ ተማሪና በአንድ ተባባሪ ጠባቂ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ክፍልና የዕፅዋት ጥበቃው ክፍል በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሥር መሆናቸው ነው ሥራውን የሚያዘገየው፤ ስለዚህ በቅድሚያ የሚያስፈልገው የትኛው ናሙና፣ በምን ያህል መጠን፣ በማን ፊርማ ሊቆረጥ እንደሚችል ሁለቱ አስቀድመው የሚስማሙበት አጭር መመሪያ ነው።